በራስሽ ልብስ ሉሰይል ላይ፦ ከሰው ተመሳስሎ፣ ቀና ብሎ መውጣት

የዕረፍት ቀን ሲደርስ እህቶቼ ከደሞዝና ከኮንትራት ጥያቄ ይበልጥ የሚጠይቁኝ «ምን ለብሼ ልውጣ?» የሚለውን ነው። ላልገባው ሰው የቅንጦት ጥያቄ ይመስለዋል። ሳምንቱን ሙሉ በዩኒፎርም ለምትውል ሴት ግን ልብስ ትልቅ ጉዳይ ነው። የሞል ጥበቃው ሊያስቆማት ወይም ሊያሳልፋት፣ ባለ ሱቁ «እመቤት» ሊላት ወይም «ማዳምሽ የት አለች?» ሊላት የሚችለው ልብሷን አይቶ ነው።

ሉሰይል ውስጥ ሰው ቤት 4 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን በፈቃደኝነት እህቶችን አማክራለሁ። ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት እህቶች ነው። አንደኛዋ ዩኒፎርሟን አውልቃ እንደማንኛውም ሰው ከተማውን መዞር የምትፈልገው ናት። ሁለተኛዋ ጸጉሯን አሳጥራ፣ ሰፋ ያለ ሸሚዝና ሱሪ፣ የወንድ ልብስ ስትለብስ ራሷን የሆነች የሚመስላት ናት። ዐረቦቹ «ቦያ» ይሏታል፣ ፊሊፒኖቹ «ቶምቦይ»። እኛ ሐበሾች ብዙ ጊዜ ወይ እንስቅባታለን ወይ እንርቃታለን። እሷም እንደ እኛ ሠራተኛ ናት፤ እንደ እኛ በሰላም ወጥታ በሰላም መመለስ ትፈልጋለች።

መጀመሪያ መብትሽን እወቂ

የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው የኳታር ሕግ የ2017 ሕግ ቁጥር 15 ነው። በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት የሚከፈልበት ዕረፍት ይሰጥሻል፤ የቀኑ ሥራም ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ፓስፖርትሽ ያንቺ ነው። አሠሪ ፓስፖርት ቢይዝ በ2015 ሕግ ቁጥር 21 መሠረት እስከ 25,000 ሪያል ሊቀጣ ይችላል።

ይህን ከልብስ በፊት ያነሳሁት በምክንያት ነው። በስርቆት እንደወጣች ሆና የምትሄድ ሴት ትከሻዋ ይታጠፋል፣ ዓይኗ ይቅበዘበዛል። ዕረፍቱ መብቷ መሆኑን የምታውቅ ሴት አረማመዷም ሌላ ነው። ከቤት ስትወጪ ለማዳም የምትመለሺበትን ሰዓት ንገሪ፣ በስልክም ጽፈሽ ላኪ። «ጠፋች» የሚል ወሬ እንዳይነሳብሽ ያቺ አጭር መልእክት ማስረጃ ትሆንሻለች።

ኢቃማሽ፣ ማለትም ባጣቃሽ፣ ካንቺ ጋር ይሁን። ካርዱ ማዳም ጋ ከሆነ ለዕረፍት ቀንሽ ጠይቂ፤ ሕጋዊ ነዋሪ መሆንሽን የሚያሳየው እሱ ነው።

ሉሰይል ውስጥ መመሳሰል ማለት

መመሳሰል ስል እንደ ሀብታም ልበሺ ማለቴ አይደለም። ቦታው ላይ ያለው ሰው የሚለብሰውን አይተሽ ዓይን የማይስብ ልብስ ምረጪ ለማለት ነው። ፕላስ ቫንዶም ሞል ወይም ሉሰይል ቡሌቫርድ ስትሄጂ ሕንዳዊቷም፣ ግብጻዊቷም፣ ፈረንጇም ረዘም ያለ ቀሚስ ወይም ሰፊ ሱሪ ለብሰው ታያለሽ። ሞሎች በር ላይ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን የሚል ምልክት አለ። እጅጌ ያለው ሸሚዝ፣ ከጉልበት የሚያልፍ ነገር፣ ንጹሕ ጫማና ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ይበቃል። የግድ አባያ መልበስ የለብሽም። ለብሰሽው ከተመቸሽ ግን ልበሺው፤ ለሌላው ብለሽ ሳይሆን ለምቾትሽ።

ፌስታል የሚያዝ ከሆነ በጨርቅ ቦርሳ ተኪው። የዩኒፎርሙን ነጠላ ጫማም ቤት ተዪው። ብዙ ጊዜ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጫማን ነው።

ለመሄጃ ሜትሮው ጥሩ ነው። ቀዩ መስመር በ2019 ነው የተከፈተው፤ በሰሜን በኩል የሚያልቀው ሉሰይል ላይ ነው። አንድ ጉዞ 2 ሪያል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብትመላለሺም በመደበኛው ካርድ ከ6 ሪያል አያልፍም። ከሌግታይፊያና ከሉሰይል ጣቢያ ወርደሽ በ2022 ሥራ የጀመረውን የሉሰይል ትራም መያዝ ትችያለሽ። ባቡሩ ውስጥ ለሴቶችና ለቤተሰብ የተለየ ክፍል አለ፤ ተጨማሪ ሳትከፍዪ ትቀመጫለሽ። ዓርብ ጠዋት ጣቢያዎቹ ዘግይተው ስለሚከፈቱ ሰዓቱን አስቀድመሽ አጣሪ።

የወንድ ልብስ ለምትለብሰው እህት

አንዲት ጓደኛ አለችኝ፤ ስሟን አልጠራም። ቤት ውስጥ ዩኒፎርም ትለብሳለች፣ በዕረፍቷ ቀን ጂንስ፣ ሸሚዝና ኮፍያ። «እንዲህ ስሆን ማንም አይለክፈኝም፣ መንገዱ የኔ ይሆናል» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ መኪና አቁሞ የሚጠራት የለም። ግን አንድ ዓርብ አንድ ሞል በር ላይ ጥበቃው «ዛሬ ቤተሰብ ብቻ ነው» ብሎ መለሳት። ወንድ መስላው ነው። ካርዷን አውጥታ፣ ድምጿን ሳትጨምር «አና ቢንት፣ አልዮም ኢጃዛ» አለችው፤ ሴት ነኝ፣ ዛሬ ዕረፍቴ ነው ማለት ነው። ካርዱን አየ፣ እሷን አየ፣ አሳለፋት። ሌላ ጥበቃ ቢሆን ላያሳልፋት ይችል ነበር። ያው ልብስ ከአንዱ ችግር አድኗት ሌላ ችግር ፊት አቆማት።

ሴት በወንድ ልብስ መኖሯ ለኛ ለሐበሾችም እንግዳ ወሬ አይደለም። ስንክሳር ሲነበብ የሰማች ሁሉ እንባ መሪናን ታውቃለች፤ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ገዳም ገብታ እንደ መነኩሴ የኖረችውን ቅድስት። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ታስባታለች። ጓደኛዬ ላይ ጣት ለመቀሰር ስትነሺ እሷን አስታውሺ።

ስለ አደጋው ግን ልሸነግልሽ አልፈልግም። ኳታር ውስጥ የ2002 ሕግ ቁጥር 17 የሚባል ማኅበረሰብን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ አለ። የሕዝብ ሥነ ምግባርን ጥሷል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ያለ ክስ እስከ 6 ወር ሊታሰር እንደሚችል ይደነግጋል። ሂውማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2022 ባወጣው ዘገባ የ6 ሰዎችን ቃል አሰባስቧል። 4ቱ ትራንስ ሴቶች፣ ማለትም ወንድ ተብለው ተወልደው እንደ ሴት የሚኖሩ ናቸው። ከ2019 እስከ 2022 ባለው ጊዜ ተይዘን ተደብድበናል፣ ስልካችንም ተፈትሿል ብለዋል። የኳታር መንግሥት ክሱን ውሸት ነው ብሎ አስተባብሏል።

ጎረቤት ኩዌት በ2007 «ተቃራኒ ጾታን መምሰል» በሚል እስከ 1 ዓመት እስር ወይም እስከ 1,000 ዲናር ቅጣት ያለው ሕግ አውጥታ ነበር። በየካቲት 2022 የኩዌት ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። ቃሉ ግልጽ ስላልነበረ ፖሊስ እንደፈለገ ሲተረጉመው ኖሯል። እዚህም ሹርታው ፊትሽ ሲቆም የሚወስነው ብዙ ጊዜ የሱ ዓይንና ያንቺ አኳኋን ነው።

ስለዚህ ለጓደኛዬ የምላት ይህን ነው። ሰፊ ሱሪና ሸሚዝ ከተማው ውስጥ ሴቶችም ስለሚለብሱት አያጋልጥም። የወንድ ዲሽዳሻና ጉትራ ግን አትልበሺ፤ የአገሬው ወንዶች የክብር ልብስ ስለሆነ ቁጣ ያስነሳል። ሜትሮ ላይ በቤተሰብ ክፍል ሊያፈጡብሽ ይችላሉ፤ ካርድሽን ቅርብ አድርጊ። ሴቶች ሽንት ቤት ስትገቢ ኮፍያሽን አውልቂ፣ ከጓደኛ ጋርም ግቢ። በስልክሽ ያሉ ፎቶዎችና መልእክቶች አንቺንም ጓደኞችሽንም ሊጎዱ ስለሚችሉ ከመውጣትሽ በፊት አጽጂ። የሰው ፎቶ ሳታስፈቅጂ ቲክቶክ ላይ አትልቀቂ።

ጡትን ስለ ማሰር

ይህን በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ አሉ። ጡቷ እንዳይታይ በፋሻ ወይም በነጠላ አጥብቃ የምታስር አለች። የቁስል ፋሻና የሚለጠጥ ጨርቅ አትጠቀሚ፤ ትንፋሽ ስትስቢ እየጠበቀ ሄዶ የጎድን አጥንት ይጎዳል። ጠበቅ ያለ የስፖርት ጡት ማስያዣ ከላዩም ሰፋ ያለ ሸሚዝ ይበቃል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማሰሪያ ያላትም ከ8 ሰዓት በላይ አታቆየው፣ ለብሳው አትተኛ፣ ከባድ ሥራም አትሥራበት። ደረትሽን ከወጋሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ራስሽን ካዞረሽ ወይም ቆዳሽ ከቆሰለ ወዲያው አውልቂው። ካልተሻለሽ በጤና ካርድሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ለሐኪሙ «ደረቴን ያመኛል» ብሎ መጀመር ይቻላል። ትንፋሽ ቢያቅትሽ 999 ደውዪ።

በበጋው ሙቀት ይህ ሁሉ ይብሳል። ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 (በፈረንጅ) ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ተኩል ድረስ የውጭ ሥራ በሕግ የተከለከለው ሙቀቱ ስለሚገድል ነው። አንቺም በዚያ ሰዓት ማሪና ዳር አትንሸራሸሪ። ውሃ ያዢ፣ ሲመሽ ውጪ።

ቀና ማለት ይለመዳል

ድፍረት ከማህፀን ይዘነው የምንወጣው ነገር አይመስለኝም፤ እንደ ምግብ ሥራ ይለመዳል። ከመውጣትሽ በፊት የምትሄጂበትን ቦታ ስምና የምትወርጂበትን ጣቢያ በቃልሽ ያዢ። መንገድ የጠፋበት ሰው ከሩቅ ስለሚታወቅ፣ ካርታ ለማየት ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚ። አትሩጪ፣ አትጎተቺም። ጥበቃ ሲያይሽ «ሰላም ዐለይኩም» ብለሽ እለፊ፤ ሰላምታ የሰጠን ሰው ማስቆም ይከብዳል። የመጀመሪያውን ቀን ከጓደኛ ጋር ውጪ፣ አንድ ሻይ ጠጥተሽ ተመለሺ። በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ራቅ በዪ።

ሹርታ ካስቆመሽ ቁሚ። እጅሽ ይታይ፣ ካርድሽን ስጪ፣ የተጠየቅሽውን ብቻ በአጭሩ መልሺ። «ሃዲ ባጣቃ፣ አና ሹጉል ቤት፣ አልዮም ኢጃዛ» ማለት ይበቃል። አትሳደቢ፣ አታልቅሺ አልልሽም፤ እንባ ከመጣ ይምጣ፣ ግን አትሩጪ። ጣቢያ ከወሰዱሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ማንበብ የማትችዪው ወረቀት ላይ አትፈርሚ፣ ከኢትዮጵያ ኤምባሲ ጋር አገናኙኝ በዪ። የአንድ ጓደኛሽን ስልክ ቁጥር በቃልሽ አጥኚ፤ ስልክሽን ከወሰዱት የሚቀርሽ እሱ ነው።

ጓደኛሽ ደግሞ የወንድ ልብስ የምትለብሰው ከሆነች፣ አብረሻት ውጪ። ሁለት ሴቶች ሆነው ሲሄዱ ጥበቃውም ሜትሮው ውስጥ ያለውም ሰው ጥያቄው ይቀንሳል። ሲያፈጡባት ወሬሽን ቀጥዪ፣ «እህቴ» ብለሽ ጥሪያት። ቤት ስትመለሱም በየማዳማችሁ በር ከመለያየታችሁ በፊት የሚቀጥለውን ዓርብ ሰዓት ተቀጣጠሩ።