የከባድ መኪና ማርሽና የዓባይ ቁልቁለት

ከሞጣና ከቢቸና እህል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ሀብቱን ለመኪናውና ለሾፌሩ አደራ ይሰጣል። መኪናውን ሲከራይ ጎማውንና ሞተሩን ይመረምራል፤ ሾፌሩን ግን ብዙ ጊዜ መንጃ ፈቃዱን ብቻ አይቶ ያሰናብተዋል። ይህ ልማድ ምን ያህል አስጊ እንደሆነ ለመረዳት፣ ከባድ መኪና በቁልቁለት እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ ይጠቅማል።

ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ይገኛሉ። መንገዱ ደጀንን ካለፈ በኋላ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮም ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ጭኖ የሚመለሰውን መኪና ደግሞ በጎሐ ጽዮን በኩል ያለው ቁልቁለት ይጠብቀዋል።

ከነጭነቱ 400 ኩንታል የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኀይል 1,000 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት በፍሬኑ ላይ ብቻ ቢወድቅ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ የጋለ ሸራም የመያዝ ኀይሉ ይደክማል። ፍሬኑ ደጋግሞ በተረገጠ ቁጥርም የተጠራቀመው አየር እየቀነሰ ይሄዳል።

ስለዚህ የመኪናው ዋና ልጓም ማርሹ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ የተያዘ መኪና ጎማው ሞተሩን እያሽከረከረ ስለሚወርድ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ማርሹም መመረጥ ያለበት ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው። መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ ልቀንስ የሚል ሾፌር ከከፍተኛው ካወጣው በኋላ ዝቅተኛው እንቢ ሊለውና በፎሌ ሊቀር ይችላል። በወጡበት ማርሽ መውረድ የሚለው የቆየ ደንብ እንደ ፊያት 682 ኤን 3 ላሉት የቀድሞ መኪናዎች የሚስማማ ነበር፤ የዛሬዎቹ ግን ሞተራቸው ብርቱ ሆኖ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ስለሚወጡ፣ ከወጡበት ዝቅ ባለ ማርሽ መውረድ ይገባቸዋል።

ማርሾቹን የሚያስማማ መሣሪያ በሌለው መኪና ማርሽ መቀነስ የተለየ ጥበብ ይጠይቃል። ሾፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ወደ ፎሌ ያወጣል፤ ፍሪሲዮኑን ለቅቆ ነዳጅ በመስጠት የሞተሩን ዙር ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያም እንደገና ረግጦ ዝቅተኛውን ማርሽ ያስገባል። ይህ በጆሮና በእግር የሚለመድ እንጂ በቃል ብቻ የሚያዝ ትምህርት አይደለም።

ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል በፎሌ መውረድም ከንቱ ቁጠባ ነው። የዘመኑ የናፍጣ ሞተር በማርሽ ተይዞ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲወርድ ነዳጁን ይዘጋል፤ በፎሌ ግን ላለመጥፋት ማቃጠሉን ይቀጥላል።

የነጋዴው ድርሻ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከተፈቀደው በላይ አለመጫን። ሁለተኛ፣ ቀኑን ቆርጦ ሾፌሩን አለማስቸኮል። ሦስተኛ፣ ከታኮ ማስገባትና ከጎማ መቀየር ተነሥቶ ሾፌርነትን የሚመኘው ረዳት በሕጋዊ አሠልጣኝ ሥር በደጋው ሜዳ በባዶ መኪና፣ ቀጥሎም በቀላል ጭነት እንዲለማመድ ጊዜና ወጪ መመደብ። ወደ ሸለቆው የሚወርደው ከዚያ በኋላ፣ በልምድ የበሰለ ሾፌር አጠገቡ ሳለ ይሁን። የጠፋ ጤፍ በሚመጣው መኸር ይተካል፤ በገደሉ የቀረ ሰው ግን አይተካምና፣ ለሥልጠና የሚወጣው ገንዘብ ከንግዱ ወጪ ሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል።