በጤፍ ውስጥ አለ ስለሚባለው ብረት

አንድ ዓርብ ጧት ለሰንበት የሚሆነውን ልገዛ ከረሖቦት በስተ ደቡብ ወዳለው ቢሉ ሴንተር ሄጄ ነበር። (ስሙ እ.ኤ.አ. በ1882 ከሩስያ መምጣት ከጀመሩት የቢሉ ማኅበርተኞች የተወረሰ ነው።) ከዱቄቱ መደርደሪያ ፊት አንዲት የወገናችን ልጅ የ8 ወር ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ከያዘችው የጤፍ ከረጢት ላይ «በብረት የበለጸገ» የሚል በዕብራይስጥ ተጽፏል። ሰላምታ ተለዋውጠን ስለ ልጁ ጤንነት ስጠይቃት፣ «አባባ፣ በቲፓት ሐላብ ያዘዙለትን የብረት ጠብታ ትቼዋለሁ። እንጀራ ማቅመስ ጀምሬያለሁ፣ ጤፉ ይበቃዋል» አለችኝ።

ይህ አነጋገር በየቤቱ የሚሰማ ስለሆነ፣ ውድ አንባቢያን፣ ከየት እንደ መጣ ማስረዳት ተገቢ መሰለኝ።

ጤፍ በብረት የታወቀው በቀደሙት የምግብ መመርመሪያ ሰንጠረዦች ነው። በአንዳንዶቹ ጥናቶች 100 ግራም ቀይ ጤፍ ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ብረት ተገኝቶበታል። በጎንደር ገጠር ያደገ ሰው ግን የዚህን ምክንያት ለመገመት አይቸገርም። ጤፍ የሚወቃው በአውድማ ላይ ነው። አውድማው በእበት ይለቀለቃል፤ በሬዎች እየዞሩ ያበራዩታል፤ ከዚያም በመንሽና በላይዳ ወደ ነፋስ ይበተናል። ገለባው ይሄዳል፣ አፈሩ ግን እንደ ጤፉ ደቃቅ ስለሆነ ከፍሬው ጋር ይቀራል። እናቶቻችን ደጋግመው የሚነፉትና የሚያበጥሩት በከንቱ አልነበረም። የአገራችን ቀይ አፈር ደግሞ ራሱ ብረት የበዛበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ ጤፉ ከአፈሩ በደንብ ሲታጠብ የብረቱ መጠን ወደ ሌሎች እህሎች እንደሚጠጋ ታይቷል። ከአፈር የመጣው ብረት ቢበላም ሰውነት አብዛኛውን አይወስደውም።

ይህ ማለት ጤፍ ብረት የለውም ማለት አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ሰንጠረዥ ለ100 ግራም ጤፍ 7.6 ሚሊ ግራም ያህል ይመዘግባል፤ ይህም ከነገለባው ከተፈጨ ስንዴ እጥፍ ገደማ ነው። መልካም እህል ነው፣ መድኃኒት ግን አይደለም። ከ7 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በቀን 11 ሚሊ ግራም ብረት ይመከራል። ይህን ከጤፍ ብቻ ለማግኘት ከ140 ግራም በላይ ዱቄት መብላት ይኖርበታል፤ የትኛው ሕፃን ይችለዋል? የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ከ4 እስከ 18 ወር ጠብታው እንዲሰጥ የሚያዘው፣ ልጁ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የመጣው ብረት በዚያ ዕድሜ እየተሟጠጠ ስለሚሄድ ነው። ብረት ያነሰው ልጅ ደሙ ይቀንሳል፣ የአእምሮ እድገቱም ሊጎዳ ይችላል።

ሌላም ጉዳይ አለ። በእህል ውስጥ ፊቲክ አሲድ የሚባል ነገር ብረቱን ይዞ ያስቀረዋል። ሊጡ በእርሾ ለሁለትና ለሦስት ቀን ሲብላላ ይህ አሲድ እየቀነሰ ይሄዳል። ዛሬ ብዙዎቻችን በሥራ ብዛት፣ ከሱቅ በሚገዛ ሽማሪም በጥቂት ሰዓት አስነሥተን እንጋግራለን፤ እኔ ቤትም እንዲሁ ነው። የስንዴ ዱቄትም እንቀላቅላለን። እንዲህ ያለው እንጀራ ስሙ ጤፍ ቢሆንም የስንዴ ጉሉተን አለበት፤ ሴሊያክ ያለበት ሰው ሊበላው አይገባም። «ጤፍ ስኳር የለውም» እያሉ ያለ ልክ የሚበሉ የስኳር ሕመምተኞችም አጋጥመውኛል። ከ100 ግራም ጤፍ 73 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው፤ በሆድ ውስጥ አብዛኛው ወደ ስኳር ይለወጣል።

ቡናችንንም አልዘነጋሁትም። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ከእህል የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ይከለክላል። አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ይሻላል። ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ግን ያግዛሉ፤ ስለዚህ በእንጀራ ላይ የቲማቲም ሰላጣ ማቅረብ ጥሩ ልማድ ነው።

ያን ቀን ይህን ሁሉ ለወጣቷ አልነገርኳትም፤ የጧቱ ጊዜ አጭር ነበር። የነገርኳት የአውድማውን ነገር ነው። እሷ እዚሁ የተወለደች ስለሆነች አውድማ አይታ አታውቅም፤ «በሬዎቹ በእህሉ ላይ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጤፉን ገዛች፣ እሑድ ቲፓት ሐላብ ሄዳ ስለ ጠብታው እንደገና እንደምትጠይቅም ነገረችኝ።