«ደህና ነኝ» ከሚለው መልስ ጀርባ

አምና በረመዳን ነበር እናታችን ከሱጁድ ሲነሱ ግድግዳ እንደሚደገፉ ያስተዋልነው። ስንጠይቃቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አሉን።

የአረጋውያንን አቅም ለማወቅ ግን ይህ መልስ አይበቃም። አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቻቸው በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መለኪያ ስድስት ነገሮችን ያያል፦ ገላ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወይም ከወንበር መነሳት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር እና መመገብ። ያለ ሰው እርዳታ ለሚሠራው ለእያንዳንዱ 1 ነጥብ ይሰጣል፤ ሙሉው 6 ነው።

እኛም ቆጠርን፤ እናታችን 4 አገኙ። መታጠብና መነሳት ከብዷቸዋል። ለካስ በሱሑር ውኃ የሚቀንሱት ሌሊት ለሽንት ላለመነሳት ኖሯል! ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው፤ ለሶላታቸው ወንበር አዘጋጀን፤ ሌሊት ከጎናቸው የሚያድር ሰው መደብን።

ነጥቡ ብቻውን «ጹሙ» ወይም «አትጹሙ» አይልም፤ ያንን ሐኪምና ዓሊም ይጠየቁበታል። በእርጅና መጾም ላቃተው ፊድያ አለለት።

ዘንድሮ በኢፍጧር ስንሰበሰብ ወላጆቻችንን «እንዴት ናችሁ?» ብለን ብቻ አንለፍ። «ማታ ስትነሱ ማን ይደግፋችኋል?» እንበላቸው።