ያልታዘዘው ማርሽ

አንደኛ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ ሃይሉክሷ ሁለቴ ተንገጫግጫ ጠፋች። የገባው ሁለተኛ ነበር። አምስተኛ መሆን ባለበት ቦታ ደግሞ የኋላ ማርሽ ቁጭ ብሏል። አዴት ጋራዤ በር ላይ ቆመው የሚያዩት ባለመኪናው፣ «ልጄ፣ ይቺ ሂጂ ሲሏት የምትመለስ ሆነች?» አሉኝ።

ቤንዚን የምትጠጣው አሮጌ 18አር ሞተር ስለደከመች ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ 3ኤል የናፍጣ ሞተር ከነካምቢዮው በአይሱዙ አስጭነው አምጥተው ነበር። ሌላ መኪና ይግዙ አልላቸው ነገር፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወድዶታል፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል።

ሞተር ሲቀየር ሰው የሚጠይቀው «ይቀመጥላታል ወይ?» ብሎ ነው። ማስቀመጡስ ቆርጦ መበየድ ነው። ጣጣው ማርሹ ላይ ነው። የድሮው ካምቢዮ ባለ አራት ማርሽ፣ አጭር፤ ይሄኛው ባለ አምስት፣ ረጅም። የማርሽ ዘንጉ መውጫ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሸሽቶ ከወንበሩ ሥር ገባ። ወንበሯ ደግሞ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ አንድ ወጥ ነው።

ዘንጉን በእሳት አግሎ ወደ ፊት ማጉበጥ የተለመደ ነው። ሞከርኩት። የሚዞርበት ነጥብ ግን እዚያው ኋላ ስለቀረ እጀታው ሲገፋ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ሲሳብ ወደ ላይ ይነሳል። ተውኩትና ከፊት ሌላ ዘንግ ተክዬ ከኋለኛው ዘንግ ጉቶ ጋር በብረት አገናኘሁት። የአዲሱን ዘንግ መቀመጫ ከካምቢዮው ጋር እንጂ ከወለሉ ጋር አላሰርኩም። ሞተር ጎማ ላይ ስለሚቀመጥ ነዳጅ ሲሰጠው ይወዛወዛል፤ ወለሉ አይወዛወዝም። ዘንጉ ወለል ላይ ቢታሰር ያ ልዩነት ማርሹን እየሳበ ሊያወጣው ይችላል። ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ሲወጣ የሚቀረው ፍሬን ብቻ ነው።

እዚህ ድረስ አላጠፋሁም። ያጠፋሁት ማገናኛውን ብረት ከፊተኛው ዘንግ መዞሪያ በታች ማሰሬ ላይ ነው። እጀታው ወደ ፊት ሲሄድ ታችኛው ጫፍ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጉቶውም አብሮት። ግራ ቀኙማ ብረቱ እየተጠማዘዘ፣ እየታገለ ያልፍ ነበር። ከመዞሪያው በላይ ቢታሰር ኖሮ ሁለቱ ዘንጎች እንደ ጥማድ በሬ እኩል ይሄዱ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በእጅ መሰርሰሪያ የበሳኋቸው ቀዳዳዎች ለቡሎኑ ሰፍተዋል። የጋራዥ ቃላችን ከጣልያን የመጣ ነው፤ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ቡሎኑ፣ ዳዶው። ለዚህ መላወስ ግን የራሳችን ቃል አለን፦ ጨዋታ። ዘንጉ ከመዞሪያው በታች 3፣ በላይ 30 ሳንቲም ከሆነ፣ ታች ያለ 1 ሚሊ ሜትር ጨዋታ እጀታው ላይ 1 ሳንቲም ይሆናል። በሦስት ቦታ ሲደመር ሾፌሩ ማርሽ የሚያስገባ ሳይሆን ገንፎ የሚያማስል ይመስለዋል።

ልክክ የሚሉ ፒኖች ለማስወጣት ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት፣ 42 ኪሎ ሜትር፣ መሄድ ነበረብኝ። ባለመኪናው ግን አልጠበቁኝም። «አያ፣ አምስተኛን እንዳይነኩ» ብዬ ለመንኳቸው። በተገለበጠው ማርሽ አራት ቀን ከገጠር ጤፍ አመላለሱ።

በአምስተኛው ቀን አስተካክዬ አስረከብኳቸው። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥሩን ማስቀየር እንዳይረሱ እየነገርኳቸው ገቡ፣ አስነሱ፣ እጀታውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ፍሪሲዮን ለቀቁ። ተንገጫግጫ ጠፋች።

«ምነው ነካካሃት?» አሉ በመስኮት። «ለምጃት ነበር እኮ።»