ያውቁ ኖሯል? ልጆች ይዘው መናገሻ ሱባ ከመውጣትዎ በፊት

ያውቁ ኖሯል? ከአዲስ አበባ በሰበታ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን የሰው እጅ ያረፈበት ነው ይባላል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የወጨጫን ተራራ መራቆት አይተው፣ በአንኮበር አካባቢ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚል ታሪክ ከትውልድ ትውልድ ሲወርድ መጥቷል። እውነት ከሆነ የችግኝ ተከላ ዘመቻችን በ500 ዓመት የሚበልጠው ታላቅ ወንድም አለው።

ያውቁ ኖሯል? ወጨጫ እሳተ ገሞራ ነበር። አይስጉ፣ ከጠፋ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል። ጫፉ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ሽቅብ በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከታች በቲሸርት ሲሯሯጥ የነበረው ልጅ ከላይ ሹራብ ማልቀሱ አይቀርም።

ያውቁ ኖሯል? የሐበሻ ጥድ በዓለም ላይ ካሉት የቅርብ ዘመዶቹ ሁሉ ረጅሙ ነው፤ እስከ 40 ሜትር ያድጋል። ወንድና ሴትም አለው፤ ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ብቻ ናት። ከፈረንጅ ጥድ መለየት ካቃተዎት መሬት የወደቀ የበሰለ ፍሬ ያንሱና በጣትዎ ይጫኑት። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ የሚለሰልስ ትንሽ ፍሬ ከሆነ ሐበሻ ነው፤ እንደ እንጨት የጠጠረ፣ የተሰነጣጠቀ ኳስ ከሆነ ፈረንጅ። ልጆች ይህን ጨዋታ አንዴ ከጀመሩት ማስቆም ይከብዳል። የሐበሻ ጥድ ቅርፊት ግን በደረቅ ወራት እንደ ጭረት እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ለእሳት አንድ ክብሪት ይበቃዋል። ስለዚህ ቡናውን ቤት አፍልተው በፔርሙዝ ይያዙ። ደን ውስጥ ከሰል የሚያቀጣጥል ሰው ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ ያንገበግበኛል።

ኮሶስ? እሱም ወንድና ሴት ነው። ቀላ ያለ አበባ የሚንዠረገግባት ሴቷ ናት፤ ጥሬ ሥጋ የሚወዱት አያቶቻችን የጠጡት መራራ መድኃኒትም ከእሷ ነው የሚገኘው።

ጥቁር እንጨት የሚባለውን ዛፍ ካገኙ ቅጠሉን አሸት አድርገው ያሽትቱት፤ የመራራ ለውዝ ሽታ አለው። ከቅርፊቱ የሚወጣው ጭማቂ በአውሮፓ ለፕሮስቴት ሕመም ይሸጣል። ገበያው ዛፉን ሊጨርሰው ስለደረሰ፣ ንግዱ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል።

ያውቁ ኖሯል? ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ቦታው ላይ ያለችው እብጠት ቢጤ ናት። የቀሩትን አራት ጣቶች እንደ ሜንጦ አጥፎ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይወረወራል፣ አውራ ጣት ቢኖረው ይልቁንም ባደናቀፈው ነበር። ሆዱ ደግሞ እንደ ከብት በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው፤ ቅጠሉን እዚያ ያብላላዋል። ለዚህም ነው ቀኑን አብዛኛውን ተጎልቶ የሚያሳልፈው። «አባዬ፣ ለምን አይንቀሳቀስም?» ብላ ልጅዎ ከጠየቀችዎ፣ ምሳው እየተፈጨ ነው ይበሏት። እናቲቱ እቅፍ ውስጥ ነጭ ነገር ካዩ ግልገሏ ነው። ጉሬዛ ሲወለድ ከራስ እስከ ጅራት ነጭ ነው፤ ጥቁሩ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ይህ ያማረ ቆዳ የአውሮፓ ወይዛዝርት መዋቢያ ሆኖ ብዙ ጉሬዛ አልቋል።

ከጫካው ውስጥ ውሻ ሲጮህ ከሰሙ ባለቤቱን አይፈልጉ። ድኩላ ሲደነግጥ እንደዚያ ይጮሃል። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ዘር የሚኖረው በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ ነው፤ ወንዱ ሲያረጅ ጥቁር ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው።

ያውቁ ኖሯል? ሶሪት ክንፏን ስትዘረጋ ብልጭ የሚለው ቀይ፣ መዳብ ያለበት እውነተኛ ቀለም ነው። አረንጓዴዋም እንዲሁ። ሌሎች ብዙ ወፎች አረንጓዴ የሚመስሉት የላባቸው አሠራር ብርሃኑን ስለሚመልሰው ነው፤ የሶሪት ግን ራሱ ላባው ውስጥ አለ። ድምፅዋ እንኳ ከውበቷ ጋር አይሄድም።

ሳማ! ቁምጣ ያስለበሱትን ልጅ ከመንገዱ ዳር ያርቁት። የሳማው ፀጉር ጫፍ እንደ መስታወት ተሰባሪ ነው፤ ሲነኩት ተሰብሮ መርዙን እንደ መርፌ ይወጋል። አንዱ የሳማ ዝርያ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይበቅልም። ሲቀቀል መለብለቡን ይተዋል፤ ወጡን የቀመሰ ያውቀዋል።

አካሄድዎ በጥቅምትና በኅዳር ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናቡ አባርቶ አረንጓዴው ገና አልጠወለገም። በክረምት የመጨረሻው አፈር መንገድ ጭቃ ነው፣ ትንንሽ መኪና ያስቀራል። ሲደርሱም ጫፍ ካልወጣን ብለው ልጆቹን አያድክሙ፤ ደኑ የሚያምረው ከታች፣ ትልልቆቹ ዛፎች ዘንድ ነው።

ከመኪና ሲወርዱ ከላይ የሚሰሙት ያ ሁሉ ጋጋታ የጋጋኖ ነው። ጋጋኖ የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ የሆነ ወፍ ነው። እሱን ለማየት ግን ሱባ ድረስ መድከም አያስፈልግም፤ ማለዳ አዲስ አበባ ላይም እየጮኸ ሲያልፍ ይሰማል።