ማደያው ፈረሰ፤ ከመሬት በታችስ?

በሰፈርዎ ጥግ ለዓመታት የቆየ የነዳጅ ማደያ ፈርሶ በቦታው አፓርታማ ተሠራ እንበል። ሕንፃው የራሱ የጉድጓድ ውሃ ስላለው በፈረቃ የሚመጣውን የቧንቧ ውሃ መጠበቅ ቀርቷል፤ እርስዎም ደስ ብሎዎት ገብተዋል። ለመሆኑ ማደያው ነዳጁን ያስቀምጥበት የነበረው፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው ታንከር የት ደረሰ? ተቆፍሮ ሲወጣስ ከሥሩ ያለው አፈርና ውሃ ተመርምሯል? ብዙዎቻችን ቤት ስንገዛ ስለ ወለሉና ስለ ካርታው እንጂ ስለዚህ አንጠይቅም።

የሳንታ ሞኒካ ትምህርት

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ከሎስ አንጀለሱ ሊትል ኢትዮጵያ ብዙም ሳይርቅ ሳንታ ሞኒካ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1995 ከተማዋ ቻርኖክ ከተባለው የጉድጓድ መስክ በምትቀዳው ውሃ ውስጥ ኤምቲቢኢ የተባለ ኬሚካል ተገኘ። ኬሚካሉ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ይጨመርበት የነበረ ነው። ምንጩ ሲፈለግ በአካባቢው ከተቀበሩ የነዳጅ ታንከሮችና ቧንቧዎች ሾልኮ የወጣ ነዳጅ ሆኖ ተገኘ። በ1996 ጉድጓዶቹ ተዘጉ። ከተማዋ የመጠጥ ውሃዋን ግማሽ ያህል አጥታ ከሌላ ቦታ ለመግዛት ተገደደች። የቻርኖክ ውሃ በማጣሪያ ጣቢያ ታክሞ ወደ ነዋሪዎች የተመለሰው ከ14 ዓመታት ገደማ በኋላ ነው።

ነዳጁ እንዴት ይጓዛል?

ነዳጅ ከውሃ ስለሚቀል ከርሰ ምድር ውሃ ላይ ሲደርስ እንደ ዘይት ይንሳፈፋል። በውስጡ ካሉት ኬሚካሎች አንዳንዶቹ ግን ይሟሟሉ። ከሁሉም የሚያሰጋው ቤንዝን ነው። ስሙ ከቤንዚን ጋር ቢመሳሰልም ቤንዝን ከነዳጁ ንጥረ ነገሮች አንዱ ብቻ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ወደ ሰውነት ሲገባ የደም ካንሰር ያስከትላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህ ማለት 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ሮቶ ውስጥ የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። አፍንጫ ይህን ያህል ጥቂት ቤንዝን ሊለይ አይችልም። ስለዚህ «ውሃችን አይሸትም» ማለት ዋስትና አይሆንም። አበው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ክትትሉ ምን ይመስላል?

ታንከሩ ከወጣ በኋላ ባለሙያዎች በዙሪያው ቀጫጭን የመከታተያ ጉድጓዶች ይቆፍራሉ። ውሃው ወደየት እንደሚፈስ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋሉ፤ አቅጣጫው የሚታወቀው በመካከላቸው ባለው የውሃ ከፍታ ልዩነት ነው። አንዱ ውሃው በሚመጣበት በኩል፣ ሌሎቹ በሚሄድበት በኩል ይሆናሉ።

ናሙና የሚወስደው ባለሙያ መጀመሪያ የውሃውን ጥልቀት ይለካል፤ ነዳጅ ተንሳፎ እንደሆነም ያያል። ከዚያ በቧንቧው ውስጥ የቆመውን ውሃ ቀድቶ ያስወጣና አዲስ የገባውን በትንንሽ የመስታወት ብልቃጥ ይሞላል። ኬሚካሎቹ ቶሎ ስለሚተኑ ብልቃጡ የአየር አረፋ ሳይቀርበት እስከ አፉ ተሞልቶ፣ በበረዶ ተይዞ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል።

ይህ ብዙ ጊዜ በየሦስት ወሩ፣ ለዓመታት ይደጋገማል። ለምን ቢሉ፣ ክረምት ሲገባ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ይልና በአፈሩ ላይ ተጣብቆ የቀረውን ነዳጅ እንደገና ያጥበዋል። በበጋ ንጹህ የነበረ ናሙና በክረምት ሌላ ውጤት ሊያሳይ ይችላል። አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ነዳጁን እየበሉ ሊቀንሱት ይችላሉ፤ መቀነሱን ማረጋገጥ የሚቻለው ግን በተከታታይ ሲለካ ነው።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

አዲስ አበባም ከውሃዋ ብዙውን የምታገኘው አቃቂን ከመሳሰሉ የጉድጓድ መስኮች ነው። የራሳቸው ጉድጓድ ያላቸው አፓርታማዎች፣ ሆቴሎችና ትምህርት ቤቶችም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ፦

ይጠይቁ። ቤት ከመግዛትዎ ወይም ከመከራየትዎ በፊት ቦታው ቀድሞ ምን እንደነበረ ይወቁ። ማደያ ብቻ ሳይሆን ጋራዥና የጄኔሬተር ነዳጅ የተቀበረበት ግቢም ይታሰብ። ከወረቀቱ ይልቅ የሰፈሩ አዛውንቶች የበለጠ ሊነግርዎ ይችላሉ።

ትክክለኛውን ምርመራ ይዘዙ። የተለመደው የውሃ ምርመራ ጀርምንና ጨዋማነትን እንጂ ነዳጅን አይፈልግም። ለላቦራቶሪው «ቤንዝን፣ ቶሉዊን፣ ኤቲልቤንዝን እና ዛይሊን ይታይልኝ» ይበሉ። ወጪው ለአንድ ቤተሰብ ከከበደ በነዋሪዎች ኮሚቴ በኩል ይካፈሉት።

በማፍላት አይተማመኑ። ማፍላትና ክሎሪን ለጀርም ናቸው። ቤንዝን ያለበትን ውሃ ማፍላት ኬሚካሉን ልጆችዎ ወደሚተነፍሱት የኩሽና አየር ይለቀዋል። የነዳጅ ሽታ ካለ ለመጠጥም ለምግብም መጠቀሙን አቁመው ውሃውን ያስመርምሩ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ሌላ ውሃ ይጠቀሙ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ እጅዎን አውጥተው አንድ ጥያቄ ያንሱ፦ «ጉድጓዳችን ለነዳጅ ተመርምሮ ያውቃል?»