ለአባት የምትገዛ አሮጌ ማርቼዲስ

በየጁ ምድር፣ ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና የሚወርድ መንገደኛ በሚያገኘው በሐብሩ ወረዳ፣ በመርሳም ሆነ በግራና፣ ልጅ አድጎ፣ ሠርቶና ጥሪት ይዞ ወደ ወላጆቹ ደጅ በተመለሰ ጊዜ ለአባቱ ያቀርበው የነበረው ታላቅ ገጸ በረከት ከነኮርቻዋ፣ ከነልጓሟና ከነግላሷ የተሸለመች ሰጋር በቅሎ ነበረች። በቅሎዋን ሊገዛ ገበያ የሚወጣው ልጅ ግን ብቻውን አይወጣም፤ ከንፈር ገልጦ በጥርስ ዕድሜ የሚያነብ፣ ኮቴ አንሥቶ ስንጥቅ የሚፈልግ፣ ጀርባዋን ዳስሶ የተሸፈነ ገጣባ የሚያገኝ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ከጎኑ ይቆማል። ሽማግሌውም ዋጋ ከመነገሩ አስቀድሞ ሻጩን የሚጠይቀው እስከ ዛሬ ማን ሲቀመጥባት እንደ ኖረ ነው።

ዛሬ የበቅሎዋን ስፍራ ተሽከርካሪ ወርሶታል። ከግራና ወጥቶ በአዲስ አበባ የነገደ፣ በጅዳ የደከመ ወይም በአሜሪካ የኖረ ልጅ ወላጁን ለማክበር ባሰበ ጊዜ ልቡ ወደ መኪና ያዘነብላል፤ ከመኪናም ወገን ብዙውን ጊዜ የሚመኘው አባቱ በጉልምስናው ወራት ከጎዳና ዳር ቆሞ ሲያልፍ ያየውን፣ ባለሥልጣንና ባለጸጋ ብቻ ይቀመጥበት የነበረውን፣ በግንባሩ ላይ ኮከብ የተሸከመውን አሮጌውን ማርቼዲስ ነው። ወላጅን ማክበር ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም በአንድ ቃል የሚያስተምሩት ነገር ነውና ሐሳቡ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። የሚያሳዝነው የምርጫው ሥርዓት ነው፤ የትናንቱ ልጅ የአባቱን ጉልበትና የአባቱን መንገድ መዝኖ በቅሎ ይገዛ ነበር፣ የዛሬው ግን የራሱን ስም መዝኖ መኪና ይገዛል። ስለዚህ ይህችን መኪና ከነማዕረጓና ከነሕመሟ ከአንባቢ ጋር ማስተዋወቅ የሚገባ ሆኖ ታይቶናል።

የሞተር ሠረገላ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም.፣ የባቡሩ ሐዲድ ገና አዲስ አበባ ሳይደርስ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ ከበረሃውና ከዳገቱ ጋር እየታገለ አንዲት መኪና እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማ አደረሰ። ወደ ወሎ ግን መኪና በብዛት የዘለቀው ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት የወረራ ዘመን፣ ከአሥመራ በማይጨው፣ በወልድያና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን ጎዳና ተራራ እየቈረጠ ከዘረጋ በኋላ ነው። ወራሪው ሲባረር ጎዳናውንና ቃላቱን ጥሎልን ሄደ፤ መካኒኮቻችን የፊቱን ክዳን ኮፈን፣ የማርሹን ቤት ካምቢዮ፣ የጭስ መውጫውን ማርሚታ፣ የጎማ ጠጋኙን ጎሚስታ የሚሉት ከዚያ ወዲህ ነው። የጀርመን መኪና በጣሊያንኛ ስም እየተጠራች በአማርኛ ትታከማለች፤ ይህን የሰማ የሽቱትጋርት መሐንዲስ ምን እንደሚል አላውቅም፣ መኪናዋ ግን ድና ትወጣለች።

መኪና በእኛ አገር የማዕረግ ምልክት መሆኑን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በሮልስ ሮይስ ይሄዱ የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው በወረዱበት ጧት ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ነበር። ያን ቀን ያየው ትውልድ ዛሬ አባትና አያት ሆኗል፤ የመኪና መጠን ለተቀማጩ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚነሣ ከማናችንም በላይ የሚያውቅ ትውልድ ስለ ሆነ፣ አንድ የግራና አባት በደጁ ኮከብ ያለባት መኪና ቆማ ሲያይ የሚሰማውን ደስታ ከንቱ ውዳሴ ብሎ ማቃለል ያስተዛዝባል።

ወደ ግዢው ስንመለስ፣ አስቀድሞ የሚያጋጥመው ሕግ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ግብር ጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። እንግዲህ በጅዳ ያለው ልጅ በዚያ ያያትን አሮጌ ማርቼዲስ በመርከብ ጭኖ ለአባቱ እልካለሁ ቢል ድካሙ ከወደቡ አያልፍም። ያለው አማራጭ ከብዙ ዓመት በፊት ገብተው፣ ግብራቸው ተከፍሎ፣ በዚሁ በአገራችን ከቀሩት መካከል መምረጥ ነው፤ እነርሱም ቊጥራቸው የተወሰነ ነውና ደላላ በሚያውቀው ልክ ዋጋቸው ይወጣል።

ማርቼዲስ ሲባል አንዲት አይደለችም፤ ትውልድ ከትውልድ ይለያል። በዚያው ፋብሪካ የማዕረግ ቁንጮ የነበረችው 600 የምትባለው እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1981 በተሠራችበት ዘመን ሁሉ ከ2,677 አልበለጠችም፤ መስኮቷ የሚወጣውና የሚወርደው፣ መቀመጫዋም ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደው በቧንቧ በሚገፋ ዘይት ኃይል ነው። ለነገሥታት የተገባች ናት፤ ቧንቧዋ አንድ ቀን ያንጠባጠበ እንደ ሆነ ግን ከመርሳ እስከ አዲስ አበባ የሚጠግንላት ሰው ለማግኘት ነገሥታትም ይቸገሩ ነበር። እኛ የምንመርጠው ፋብሪካው 123 በሚል ቁጥር የሰየማትን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ወጥታ ዐሥር ዓመት ያህል የተሠራችውን ነው። ከእርሷ ወገን ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ስለ ተመረተ በዓለም ላይ ዕቃዋ አልጠፋም፤ በአዲስ አበባም ሶማሌ ተራ የተመላለሰ ሰው ከፈታ ዕቃም ቢሆን የሚፈልገውን ያገኛል።

ከ123 ወገንም ለግራና የምትስማማው በናፍጣ የምትሄደው 240 ዲ ናት። የቤንዚን ሞተር አየርና ቤንዚን በካርቡሬተር አቀላቅሎ በካንዴላ እሳት ያቀጣጥላል፤ የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ብቻ አጥብቆ ይጨምቀውና፣ አየሩ ከመጨመቁ የተነሣ እንደ ምጣድ ሲግል ናፍጣው ሲረጭበት ራሱ ይነዳል። ስለዚህ በማለዳ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ማሞቂያው እስኪግል ጥቂት መጠበቅ ይገባል፤ ቁልፉን ግማሽ አዙሮ፣ በዳሽቦርዱ ላይ የበራችው መብራት እስክትጠፋ ታግሦ፣ ከዚያ ማስነሣት ነው። ትዕግሥት የለሽ ወጣት ይህን ይጠላዋል፤ ቡናው እስኪፈላ ሦስት ጊዜ የሚጠብቅ አባት ግን ምንም አይከብደውም። አራት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትርና በኋለኞቹ ዓመታት 72 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ፈጣን አትባልም። ያም የ72 ፈረስ ጉልበት የተለካው በቆላው በአውሮፓ አየር ነው፤ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በደሴ አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩም በዚያው ልክ ይደክማል፣ በዳገቱም ላይ ጥቁር ጭስ ማውጣቱ የተለመደ ነው። ከዉጫሌ ወደ ሐይቅ ስትወጣ አይሱዙ ይቀድማታል። ይቅደማት።

ስለ መቀመጫዋም አንድ ቃል መናገር ይገባል፤ ምክንያቱም የስጦታው ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። በሯ ሰፊ ሆኖ ይከፈታል፣ መቀመጫዋ ጠንከር ያለና ከወገብ የማያሰምጥ ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው አባት ወገቡን ብዙ ሳይሰብር ገብቶ ይቀመጣል፣ እናትም ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላ ትገባለች። ዛሬ ከውጭ የሚመጡት ዘመናዊ አጫጭር መኪኖች አብዛኞቹ ይህን አይሰጡም። ከዋናው ጎዳና ወጥቶ በድንጋይና በጭቃ ብዙ ለሚጓዝ ሰው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሞላዋ ረዘም ያለው ፔጆ 504 ከማርቼዲሷ ትሻላለች፤ ኮከቡን ትቶ ፔጆ የሚገዛ ልጅ ባገኝ ቁም ነገረኛ እለዋለሁ፣ እስካሁን ግን አላገኘሁም።

የማየቱ ጥበብ የበቅሎው ሽማግሌ ጥበብ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ዘመዴ ጋር አንዲት ነጭ 240 ዲ ለማየት ወደ አንድ ግቢ ሄደን ነበር፤ ቀለሟ ከወተት የጠራ፣ ኮከቧ የተወለወለ፣ ሻጩም አንደበቱ ለስላሳ ነበር። አብሮን የመጣው መካኒክ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈና ፈገግ አለ፤ ሞተሩ ከእኛ በፊት ተነሥቶ ሞቆ ኖሯል። የሞቀ ሞተር ሁሉ ጤነኛ ይመስላልና ነገ ማለዳ ሳይነሣ እንመጣለን ብሎ መለሰን። በማግሥቱ ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ አወጣ፤ ይህም ዘይት ይበላል ማለት ነው። ከዚያ መካኒኩ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አውጥቶ በላሜራው ላይ እያስጠጋ ዞረ፤ በበሮቹ ሥርና በፊት ጎማዎቹ ዙሪያ ማግኔቷ አልያዝ አለች፣ ከወተቱ ቀለም በታች ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነበርና። ምንጣፉን ሲገልጥ ወለሉ ዝጎ መሬት ይታያል። ዘመዴ ያን ቀን የከፈለው የመካኒኩን የቀን አበል ብቻ ነው፤ እንደ እኔ አስተያየት በሕይወቱ ካወጣው ገንዘብ ሁሉ በደንብ የወጣው ያ ነው።

በዚህች መኪና ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ምልክት አለ። የናፍጣው ሞተር የሚጠፋው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በቀጭን ቱቦ በሚሳብ አየር ነው፤ ቁልፉ ሲዞር የአየሩ ስበት የናፍጣውን ፓምፕ ይዘጋዋል። ስለዚህ ቁልፉ ወጥቶ ሞተሩ መሥራቱን የቀጠለ እንደ ሆነ አንድ ቱቦ ተቀድዷል ማለት ነው፤ በአንዳንዶቹ መኪኖች ላይ የበሮቹም ቁልፍ በዚያው አየር ስለሚሠራ አብሮ ይታመማል። ይህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ዋጋ ለመቀነስ ግን ይጠቅማል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማመን ከንቱ ነው፤ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ተበልቶ፣ የሾፌሩ መቀመጫ ጎድጉዶና የመሪው ጥቁረት ረግፎ ሳለ ቆጣሪው ትንሽ ቁጥር ቢያሳይ፣ ከቆጣሪው ይልቅ ላስቲኩ እውነተኛ ነው። በመጨረሻም በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር፤ መኪናዋ ቀድሞ የኤምባሲ ወይም የድርጅት ከነበረች ቀረጧ መከፈሉ በወረቀት ይረጋገጥ፤ ቦሎዋም የዘንድሮ ይሁን።

ከዚህ ወዲያ የሚመጣውን ልጆች ፈጽሞ አያስቡትም። በቅሎ ሣርና ገብስ፣ አልፎ አልፎም ጠባቂ ትፈልጋለች፤ መኪናም እንዲሁ ናት። አባት መንዳት የማይችል ከሆነ የሚነዳለት የወንድም ወይም የእኅት ልጅ መንጃ ፈቃድ ይኑረው፣ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬን ላይ ከመቆም ይልቅ ዝቅ ባለ ማርሽ መያዝን ይማር፤ በአምባሰል ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ግሎ የከዳው ሾፌር ዳግመኛ አያጠፋም፣ ሁለተኛ ዕድል ያገኘ እንደ ሆነ። የሞተሩ ዘይትና ፊልትሮ በጊዜው ይለወጥ፣ የቫልቮቹም ክፍተት በየጊዜው ይለካ። ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ገንዘብ መድቦ፣ በወልድያ ወይም በመርሳ አንድ የታመነ መካኒክ አስቀድሞ አነጋግሮ ያልሰጠ ልጅ፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ዶሮ የሚያድርባትን መኪና ለአባቱ ሰጥቷል።

እንዲህ ሆና የተመረጠች መኪና ግን ወልድያ ሆስፒታል ለመድረስ፣ በመስከረም 21 ለግሸን ማርያም፣ ለመውሊድም፣ ለልቅሶና ለሠርግ ትበቃለች፤ አባትም በመንደሩ መካከል መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ እየሰጠ ያልፋል። ቁልፉ ከመሰጠቱ፣ ቡናው ተፈልቶ ምርቃቱ ከመውረዱ በፊት የቀረ አንድ ሥራ አለ፤ ብዙ ልጅ ሊብሬውን በራሱ ስም አስቀርቶ መኪናውን ብቻ ለአባቱ ያስረክባል፣ ያን ጊዜ የሰጠው ውሰት ነው። ስሙ ወደ አባት ይዙር።